ካርዱ ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ሰኔ ሲገባ ሆዴን ያቅለሸልሸኛል። እርግዝና እንዳይመስላችሁ፣ ያ ዘመን አልፏል፤ የንብረት ቆጠራ ስለሚመጣ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የቀለም ጣሳና ብሩሽ ይዤ፣ ከቆጠራ ኮሚቴው ኋላ እየተከተልኩ፣ የወንበር ሆድ ላይ ቁጥር ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የቆሻሻ ቅርጫት። አንድ ዓመት የመጥረጊያ እንጨት ላይ ሳይቀር አስጽፈውኛል። መጥረጊያው በሁለት ወሩ አለቀ፤ እንጨቱ ግን ቁጥር ስላለው መጣል አልተቻለም፤ እስከ ዛሬ ግምጃ ቤቴ ጥግ ቆሟል።

ሙሉመቤት እባላለሁ። ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ስሙ ምን አደረገ፣ ክፋቱ ያለው ሰዎቹ ጋ ነው። ብሩሹን የሰጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። ልጅ ሆኜ መምህሮቼ ሰሌዳ ላይ የሚያስጽፉት እኔን ነበር። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስል ኖሮ ፊልሞን ላይ ያ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ፊልሞን የኮሌጃችን የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ እዚሁ እኛው ጋ ተምሮ፣ እዚሁ ተቀጠረ። በክረምት ከቱላ ሲመጣ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ የሥራ ጫማውን በፌስታል ይዞ ነው የሚደርሰው። የጥበቃዎቹ ቤት ጋ ቆሞ ይቀይርና ንጹሕ ሆኖ ይገባል። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ጭቃ ይዞ ኮሪደር ሲረግጥ አላየሁትም። የሚገባበት ክፍል ግን ከጭቃ የባሰ ነበር።

ሰርቨር ክፍል ይሉታል። ሰርቨር ማለት የግቢው ኮምፒውተር ሁሉ አለቃ ነው፤ የተማሪው ውጤት በሙሉ እሱ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ይህን የሚያህል ነገር ያስቀመጡት የት መሰላችሁ? ከወንዶች ሽንት ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጠባብ ክፍል ውስጥ። ግድግዳው ያልበዋል። ምን እንደሚያልበው አልነግራችሁም። ጽዳቶቹ እርጥብ መወልወያቸውን እዚያው ያስደግፋሉ፤ አንዱ መምህር የተሰበረ ሶፋውን አምጥቶ ጥሏል፤ ሶፋው ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ፊልሞን በየጠዋቱ መወልወያውን ያወጣል፣ ከሰዓት ተመልሶ ያገኘዋል። ስድስት ዓመት።

ደግሞ እኮ ስሙን የሚያውቀው ሰው የለም። «ኔትወርክ» ነው የሚሉት። «ኔትወርክን ጥሩልኝ፣ ኔትወርክ የለም።» ይሄዳል፣ ያያል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ራሱ የሻይ ማፍያውን ለመሰካት የኔትወርኩን ሳጥን ነቅሎት ነው። ፊልሞን ይሰካለታል፣ «ይኸው መጣ» ይላል፣ ይወጣል። እኔ ብሆን በኬብሉ እገርፋቸው ነበር።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት መብራት ሄዶ ሲመለስ የሰርቨሩን የኔትወርክ መግቢያ አቃጠለው። ሰርቨሩ ደህና ነው፤ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጋር የሚነጋገርበት አፍ ነው የጠፋው። ፊልሞን ኔትወርክ ካርድ የሚባል ዕቃ ይገዛ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ስምንት ወር ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ዞረ። በመጨረሻ መጣች፤ መዳፍ የምታህል፣ አረንጓዴ፣ በአንድ ጠርዟ በኩል ወርቅ መሳይ ጥርሶች ያሏት ሰሌዳ። ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ወረቀት ላይ ፊልሞንን አስፈርሜ በእጄ ሰጠሁት። ሰርቨሩ ውስጥ ሰካት፤ ኮሌጁ ተነፈሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዷ በወረቀት የፊልሞን ናት።

ፊልሞን ሚስት አለችው፤ ታቢታ ትባላለች፣ ነርስ ናት፣ የምትሠራው አዳማ ነው። ከተጋቡ ሦስት ዓመታቸው፤ ሦስቱንም ዓመት እሱ እዚህ፣ እሷ እዚያ። ሐዳሳ የምትባል ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ አለቻቸው። በወር አንዴ ቅዳሜ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ እሑድ ይመለሳል። አንድ ሰኞ ተመልሶ ግምጃ ቤቴ በር ላይ ተቀመጠና፣ «እትዬ ሙሉ፣ ልጄ ከፊቷ ተቀምጬ ስልኩን አንስታ ‹ባባን ደውሉልኝ› አለች» አለኝ። እኔ ነኝ ቢላትም አላመነችውም። ለሷ ባባ ማለት ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

ታዲያ በዚህ ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዳማ ያለ አንድ ድርጅት ቀጠረው። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ እስከ ዓርብ ከቀድሞ መሥሪያ ቤትህ ክሊራንስ ይዘህ ካልቀረብህ ተጠባባቂውን እንጠራለን ይላል። ክሊራንስ ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ሥራ ሲለቅ የማንም ዕቃ በእጁ እንደሌለ በየክፍሉ እየዞረ የሚያስፈርመው ወረቀት ነው። የእኛ አሥራ አንድ ፊርማ አለው። ቤተ መጻሕፍት ፈረመለት። ክሊኒክ ፈረመለት። ኳስ ነክቶ ለማያውቀው ሰው ስፖርት ክበብ ፈረመለት። አሥሩን በሁለት ቀን ጨረሰ። የቀረው አሥራ አንደኛው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ አቶ ክብሩ ነው።

ክብሩ አለቃዬ ነው፣ የቆጠራ ኮሚቴውም ሰብሳቢ ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጠዋለሁ፤ እሱ አንቺ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ክብሩ፣ እኔ፣ ከሒሳብ ክፍል ደግሞ ኢዮብ። ኢዮብ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ የሚፈርም ሰው ነው። አንዴ የራሱን የዓመት ፈቃድ መሰረዣ ፈርሞ፣ ለምን ፈቃዴ ተሰረዘ ብሎ አቤት አለ።

ማክሰኞ ዕለት ፊልሞን ወረቀቱን ይዞ ቀረበ። ክብሩ መዝገቡን ገልጦ፣ «ኔትወርክ ካርድ፣ አንድ። አምጣ» አለው።

«ሰርቨሩ ውስጥ ናት፣ አቶ ክብሩ። በሷ ነው ሰርቨሩ የሚሠራው።»

«ያልታየ አይቆጠርም።»

ፊልሞን የካርዷን መለያ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ላይ አውጥቶ አሳየው። ክብሩ ዞር ብሎም አላየው። እኔ ግምጃ ቤት እንድፈልግ ታዘዝኩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሰርቨር ውስጥ ያለች ካርድ ከመጥረጊያ እንጨት አጠገብ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ፈልጌ መጣሁ፤ የለም አልኩ። በመጨረሻ ፊልሞን በምሳ ሰዓት፣ ተጠቃሚ በሌለበት፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ ሊከፍትልን ተስማማ።

ክብሩ ከሐይቁ ዳር ጥብስ ዓሣ በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ ኢዮብን አስከትሎ መጣ። ፊልሞን ክዳኑን ከፈተና ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ የተሰካችውን ካርድ በጣቱ አሳየን። በቃ፣ ታየች። ተቆጠረች ብሎ የሚሄድ ሰው መሰላችሁ?

«ኮዷ የታለ?» አለ ክብሩ።

ፊልሞን እንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ እንደማይጻፍ አስረዳ። የግድ ከሆነ ከውጭ በኩል ሳጥኑ ላይ ወረቀት ይለጠፍ አለ። ክብሩ ወረቀት ይላጣል አለ። መመሪያው ‹በማይለቅ ቀለም በዕቃው ላይ› ነው የሚለው። ይህን ሲከራከሩ ከዲኑ ቢሮ ሰው መጥቶ ኔትወርክን ጠራው፤ እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ፕሮጀክተሩ አልበራ ብሏል። ፊልሞን ሲወጣ ሁላችንንም አይቶ፣ «እባካችሁ አትንኳት፣ አሥር ደቂቃ ነው» አለ።

እሱ እንደወጣ ክብሩ እጁን ከተተና ካርዷን መንጭቆ አወጣት። ከዓሣው ዘይት ጣቱ ያብለጨልጫል። «ጻፊ» አለኝ።

አገላበጥኳት። መሬቷ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ተተክሎበታል፤ ብሩሼ የሚያርፍበት ሜዳ የለም። ሜዳ ያለው ወርቃማዎቹ ጥርሶች ጋ ብቻ ነው፤ ልሙጥ፣ ንጹሕ። እዚያ ላይ በነጭ የዘይት ቀለም ቁጥሩን ጻፍኩት። እንዲያውም ምን አለፋችሁ፣ ተጠንቅቄ፣ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ቀለሙ ሳይደርቅ ክብሩ ተቀብሎኝ መልሶ ሰካትና ክዳኑን ዘጋው። ኢዮብ በር ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ ነበር፤ መዝገቡን ሲሰጡት ፈረመ።

ፊልሞን ሲመለስ መብራት ሄዷል፤ ሰርቨሩን መሞከር አልቻለም። ክብሩ፣ «ታይቷል፣ ተቆጥሯል፤ ነገ ጠዋት ፊርማህን ትወስዳለህ» አለው። ልጁ ደስ ከማለቱ የተነሳ ምንም አልጠየቀም። እጄን ጨበጠኝ። ጣቴ ላይ ነጭ ቀለም ነበር፤ አላየውም። እኔም አልነገርኩትም። በቀለም የታመመ ወንበር አይቼ አላውቅም፣ ካርድ ይታመማል ብዬ አላሰብኩም።

ረቡዕ ጠዋት ሰርቨሩ ቢበራም አንድም ኮምፒውተር አላገኘውም። ውጤታቸውን ሊያሳትሙ የመጡ ተማሪዎች ሬጅስትራር በር ላይ ዝናብ እየመታቸው ተሰልፈዋል። ዲኑ ጮኸ። ክብሩ ደግሞ ቀደም ብሎ ቃለ ጉባኤ ጽፎ ጨርሷል። ‹ባለሙያው ሰርቨሩን ከፍተው ትተው በመሄዳቸው ለደረሰው ብልሽት ተጠያቂ ናቸው፤ ሳይጠግኑ ክሊራንስ አይሰጣቸውም።› አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ኢዮብ ሳያነብ ፈረመ። እኔ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ዝም ብዬ ነቅዣለሁ። ክብሩን ከምጸየፈው ይልቅ ያን ጠዋት ራሴን ተጸየፍኩ፤ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም።

ክብሩ በዚህም አላበቃም። «ዕቃ ይዞ እንዳይወጣ አብረሽው ቁጭ ብለሽ ጠብቂው» አለኝ። ስድስት ዓመት ጫማውን በር ላይ የሚቀይረውን ልጅ ሌባ አድርጎ። ሄድኩ፤ የአይጦቹ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። የፊልሞንን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ብሆን ገና ስገባ ክዳኑን ነበር የምበረግደው። እሱ አልነካውም። መጀመሪያ ተንበርክኮ የሰርቨሩን ጀርባ አየ። ኬብሉ የሚገባበት ጋ ሁለት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፤ ሁለቱም ጨልመዋል። ኬብሉን ነቅሎ፣ ቀጭ እስኪል መልሶ ሰካ። ጨለማ። በሌላ ኬብል ቀየረ። ጨለማ። የኬብሉን ሌላ ጫፍ ኔትወርኩን ለሁሉም ከሚያከፋፍለው ሳጥን ላይ ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ አስገባ። ያው ነው። ከዚያ ያንኑ ኬብል የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው፤ ላፕቶፑ ኔትወርኩን ወዲያው አገኘ።

«ኬብሉ ደህና ነው፣ ሳጥኑም ደህና ነው» አለኝ፤ ለጠባቂው ማስረዳት ግዴታው ይመስል። «ችግሩ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ሰርቨሩ ያሉትን የኔትወርክ መግቢያዎች ዝርዝር ከፈተ። የተቃጠለው አሮጌው አለ። ካርዷ የለችም። ተበላሽታለች እንኳ አይልም፤ ጭራሽ የለችም። «አላውቃትም ነው የሚለው፣ እትዬ ሙሉ» አለ።

ሰርቨሩን አጠፋ፣ ከመብራት ነቀለው፣ በካቻቢቴው ብሎኑን ፈታና ክዳኑን አነሳ። መጀመሪያ ያወጣው ጠረን ነው፤ የዘይት ቀለም፣ ከሥሩ ደግሞ ዓሣ። ካርዷን ሲስባት እምቢ አለች፤ ተጣብቃለች። ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጋት ተላቀቀች። አዙሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛት።

ቁጥሬ እዚያ ነው። ወርቃማዎቹን ጥርሶች አንድ በአንድ ሸፍኖ፣ ከ‹ኮ› እስከ መጨረሻው ዜሮ። በግቢው ውስጥ ያቺን ጽሕፈት የማያውቅ የለም፤ የተቀመጠበትም ወንበር ላይ አለች።

ቁጥሩን እስከ ዜሮው አነበበው። ከዚያ፣ «ጽሕፈትዎ ያምራል፣ እትዬ ሙሉ» አለኝ። ሊያላግጥብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ እያላገጠ አይደለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ልጄ» አልኩት። «ክብሩ ነው ያወጣት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩባት። ዛሬ ጠዋትም አንተ አበላሸኸው በሚል ወረቀት ላይ ፈርሜብሃለሁ። አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

በሲዳሙ አፎ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ጸሎት እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል። እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና፣ «አሴቶን ማን ጋ ይገኛል?» አለኝ።

ሬጅስትራር ያለችው ሮዳስ ጥፍሯን በየቀኑ የምትቀባ የምታጠፋ ልጅ ናት። ሮጬ ሄጄ ጠርሙሱን ከነጥጡ ተቀበልኳት። ከግምጃ ቤቴ ደግሞ ሞዴል 22 ሳልሞላ አዲስ ነጭ ላጲስ አወጣሁ፤ በአሥራ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ስርቆቴ ነው። ፊልሞን አንዱን ጥርስ አሳየኝ፤ ጥጡን ትንሽ ነክሮ፣ ሌላው ዕቃ ላይ እንዳይፈስ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ። ከዚያ ላጲሱን በቀስታ። «የእርስዎ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ እርስዎ ይሥሩት» አለኝ። እና አጠፋሁት። አሳምሬ የጻፍኩትን ቁጥር ጥርስ በጥርስ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ያ ግድግዳ ከአጠገቤ እያላበው።

ካርዷ ብትጸዳም የነበረችበት ማስገቢያ ውስጡ ቀለም ገብቶ ደርቋል። ስለዚህ ሦስተኛው ላይ ሰካት፤ ለራሱም ለሚተካውም ብሎ አጠገቡ በእርሳስ ቀስት ሠራ። ሰርቨሩን አበራው። ከኋላ አንዷ መብራት አረንጓዴ ሆነች፤ ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ። ኮምፒውተሮቹ ግን አሁንም ሰርቨሩን አያገኙትም።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» አልኩት።

ቦታዋ ስለተቀየረ ሰርቨሩ አዲስ ካርድ የመጣ መስሎታል አለኝ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚፈልጉት በድሮው አድራሻ ነው፤ አድራሻውን ሊሰጣት ሲሞክር ‹በሌላ ካርድ ተይዟል› ይለዋል። ሌላው ካርድ ማን ነው? ራሷ ናት፤ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ የነበረችው። በዝርዝሩ አትታይም፣ ግን መዝገቡ ውስጥ ተደብቃ ቀርታለች።

«ክሊራንስ ሳትወስድ ሄዳለቻ» አልኩት።

ያን ጊዜ ሳቀ፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰርቨሩን የተደበቀውን እንዲያሳየው አዘዘው፣ አሮጌዋን ከመዝገቡ ሰረዛት፣ አድራሻውን ለአዲሷ ሰጠ። ወዲያው ሬጅስትራር ጋ ፕሪንተሩ ሲንኳኳ በኮሪደሩ ሰማን። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፊልሞን ወረቀቱን ይዞ ክብሩ ፊት ቆመ። ክብሩ እስኪርቢቶውን ከከፈተ በኋላ፣ «እንዴት ጠገንከው?» አለው፤ እንዲያው ለወሬ። ይህ ልጅ ደግሞ መዋሸት አያውቅም። «ጥርሶቿ ላይ ቀለም ነበር፤ አጠፋነው» አለ።

ክብሩ እስኪርቢቶውን ዘጋ። «የንብረት ኮድ አጠፋህ?»

በመመሪያው ኮድ ማጥፋት የዲሲፕሊን ጥፋት ነው። አውጣና እንደገና ይጻፍባት፣ ያኔ እፈርማለሁ አለ። ከተጻፈባት እንደገና አትሠራም አለ ፊልሞን። ካልሠራች አልፈርምም አለ ክብሩ። ካልተጻፈባትም አልፈርምም። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ክፋት እንኳ አልነበረም፤ ቁርሱ ደህና የተፈጨለት ሰው ነው የሚመስለው። እኔን ያስጠላኝ እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ያስፈራል፣ ይከበራል። ይሄ ምንም አይደለም።

ፊልሞን ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ለታቢታ ደወለ። ‹እንጃ› ሲላት ሰማሁ፤ ሦስት ጊዜ እንጃ አላት። ከዚያ ልጅቷን አቀበለችው መሰለኝ፣ ድምፁን ለወጠና፣ «አለሁ፣ ባባ አለሁ» አለ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ነገ ዓርብ ነው። ነገ ካልደረሰ ባባ ስልክ ውስጥ ሊቀር ነው።

ግምጃ ቤቴ ገብቼ የርክክብ ወረቀት አወጣሁ። ስድስት ዓመት ልጁን፣ አሥራ ስድስት ዓመት ክብሩን አይቻለሁ፤ እዚያ ቆሜ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ክብሩ ካርድም ኮድም አይደለም የሚፈልገው። የሚፈልገው ስም ነው። አንድ ነገር ቢጠፋ ይሄ ነው ብሎ የሚጠቁምበት ስም። እንግዲያውስ ስም ልስጠው አልኩ። ‹አስረካቢ፣ ፊልሞን፤ ተረካቢ፣ ሙሉመቤት። ኔትወርክ ካርድ፣ አንድ፣ ሰርቨር ውስጥ እንደተሰካ።› ከሥሩም ያችን የሚወዷትን ጽሕፈቴን አሳምሬ ጨመርኩበት፦ ‹ካርዷን ያወጡት አቶ ክብሩ፣ ኮዱን የጻፍኩት እኔ፣ ያጠፋሁትም እኔ። ረቡዕ የፈረምኩት ቃለ ጉባኤ እውነት አይደለም።›

ክብሩ አነበበው። «ኮድ የሌለው ዕቃ ትረከቢያለሽ?»

«እረከባለሁ።»

«ቢጠፋ ቢበላሽ ባለዕዳዋ አንቺ ነሽ። ጡረታሽ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ክሊራንስሽ የሚያልፈው በዚህ ጠረጴዛ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አቶ ክብሩ።»

ስለ እሱ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰረዘና የቀረውን ተቀበለ። ኢዮብ ሳያነብ ፈረመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልማዱን ባረክሁት። ክብሩ የፊልሞንን አሥራ አንደኛ ፊርማ ፈረመ። እንዲህ ቀላል ነበር። እንዲህ ቀላል መሆኑን ረቡዕ ጠዋት ማሰብ አቅቶኝ ነው እንጂ።

ፊልሞን ትከሻዬን ሳመኝ። ምን እንደሚል ጠፍቶት፣ ከኪሱ ካቻቢቴውን አወጣና በእጄ አስያዘኝ። «የራሴ ናት፣ ኮድ የለባትም» አለ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈረ።

አሥር ቀን አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰኞ ጠዋት ገና ቢሮ ሳይከፈት ደረስኩ። ሰርቨር ክፍሉ በሩ ተከፍቷል። የሰርቨሩ ክዳን ወልቆ ሶፋው ላይ ተጥሏል፣ የመብራት ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሏል። ካርዷ ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጣ ላይ ተዘርግታለች። ጥርሶቿ ላይ ነጭ ቀለም። እነ ክብሩ ዓርብ ከሰዓት እኔ ለቅሶ ስሄድ ጠብቀው ነው የጻፉባት። በዚህ ጊዜ እንዲያውም ተምረዋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አልሰኳትም፣ እንዲደርቅ ነው ያሳደሯት። ጽሕፈቱ የኢዮብ ነው፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ብሩሼ ከነቀለሙ አጠገቧ ተጋድማለች።

ስልኬን አወጣሁና ፊልሞን ጋ ደወልኩ። ያነሳው ሌላ ትንሽ ድምፅ ነው።

«ሐዳሳ ነሽ? ባባ የታለ?» አልኳት።

«እዚህ።»

«ስልኩ ውስጥ ነው?»

«እዚህ!» አለችኝ ተቆጥታ። «ጫማዬን እያሰረ።»

ከዚያ ፊልሞን ተቀበላት። «እትዬ ሙሉ? ደህና ነዎት? ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸ» አልኩት። «ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው። ጫማውን እሰርላት።» ዘጋሁት።

ብሩሹን አነሳሁ። ወጣሁ፣ ግድግዳውን ዞርኩ፣ ሽንት ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። ሮዳስ ስትመጣ አሴቶኑን ተቀበልኳት። ላጲሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ ጥርስ በጥርስ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በእርሳስ የተሠራችውን ቀስት አይቼ ሦስተኛው ላይ ሰካኋት፣ በፊልሞን ካቻቢቴ ብሎኑን አሰርኩ፣ ገመዱን ሰክቼ አበራሁት፣ ተንበርክኬ ከኋላ አየሁ። አረንጓዴዋ በራች። ኮሪደሩ ላይ ፕሪንተሩ ተንኳኳ።

ከተንበረከክሁበት ስነሳ ክብሩ በር ላይ ቆሟል። «ኮዱስ?» አለ።

«መጻፍ ከፈለግህ ብሩሹ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አለልህ። ግባና አውጣው» አልኩት።

አሥራ ስድስት ዓመት እርስዎ ያልኩት ሰው ነው። አልፌው ወጣሁ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ካርዷም በስሜ ናት።